ለጉባኤ እንግዳ የሚሸጠው የሰሜን ሸዋ የጂኦሎጂ ጉዞ፦ አለቱ ሙሉ ነጥብ፣ መስተንግዶው ግማሽ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ደብረ ብርሃን አድሮ፣ ጣርማ በርንና አንኮበርን የሚያሳየው የሁለት ቀን የጂኦሎጂ ጉዞ አስጎብኚዎች ዛሬ በሚሸጡበት መልኩ ከአምስት ሦስት ነጥብ ይገባዋል። አለቱ ለብቻው ቢመዘን ከአምስት አምስት ነው። ነጥብ የሚያስቀንሱት የጉዞው ቅደም ተከተል፣ መጸዳጃ ቤት፣ ካርታና ደብዳቤ ናቸው። አራቱም በሰው እጅ ያሉ ነገሮች ስለሆኑ አንድ በአንድ ማየቱ ያዋጣል።

ግምገማው ለተራ ጎብኚ የተጻፈ አይደለም። ትልቅ ዓለም አቀፍ የጂኦሳይንስ ጉባኤ ወደ አገር ቤት ለማምጣት አብረው ለሚሠሩ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ለጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች፣ ለሙያ ማኅበራት፣ ለማዕድንና ለቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች። እንዲህ ያለ ጉባኤ የሚጠየቀው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። የዓለም አቀፉ የጂኦሎጂ ኮንግረስ በ1878 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ከተጀመረ ወዲህ አፍሪካን የረገጠው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፦ በ1929 ፕሪቶሪያ፣ በ1952 አልጀርስ፣ በ2016 ኬፕ ታውን። የደቡብ ኮሪያዋ ቡሳን የ2024ቱን የማስተናገድ ዕድል ያሸነፈችው ኬፕ ታውን ላይ ነው፣ ስምንት ዓመት ቀድማ። ስለዚህ ዛሬ የሚስተካከል የመስክ ጉዞ የሚያገለግለው ለዛሬ እንግዳ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም፤ 24ኛው የአፍሪካ ጂኦሎጂ ጉባኤ በጥር 2005 ዓ.ም. የተካሄደው እዚሁ ነው። አዳራሽ አይጎድለንም፤ የአፍሪካ ኅብረትና የኢኮኖሚ ኮሚሽኑ አዳራሾች አሉ። ጂኦሎጂስት ግን ለአዳራሽ ብሎ አህጉር አያቋርጥም። የውድድር ሰነዱን ሲከፍት መጀመሪያ የሚገልጠው የመስክ ጉዞውን ገጽ ነው።

እዚያ ገጽ ላይ አብዛኛው ሰው አፋርን ያስቀድማል። ኤርታሌ፣ ዳሎል፣ ሐዳር፤ ትክክል ነው፣ በዓለም ተወዳዳሪ የላቸውም። ግን ሩቅ ናቸው፣ ሐሩሩ ከባድ ነው፣ ወጪውም የተማሪን ኪስ ያራቁታል። ሰሜን ሸዋ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው። ደጋው ተሰብሮ ወደ አፋር የሚወርድበትን ጠርዝ፣ ከዋና ከተማው በሦስትና በአራት ሰዓት የአስፋልት መንገድ፣ በግማሽ ቀን ሊነበብ በሚችል አንድ ቁልቁለት ላይ ያቀርባል። አንድ ሺህ ሰው የሚገኝበት ጉባኤ አፋር የሚልከው ምናልባት ስልሳ ሰው ነው፤ የቀረው ሰሜን ሸዋን ነው የሚያየው። ዋናው ጉዞ ይህኛው መሆኑን አዘጋጆች ከልብ ሊቀበሉት ይገባል።

አሁን ወደ ጥቅሉ። በተለመደው አሸጣጥ የመጀመሪያው ቀን በቀጥታ ጣርማ በር ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከአዲስ አበባ ይነሳል፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ቁርስ ይበላል፣ ጣርማ በር ሲደርስ 5 ወይም 6 ሰዓት ይሆናል። ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ገደሉ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ፀሐይ ፊት ለፊት የምትመታው ጠዋት ብቻ ነው። ከቀትር በኋላ ግድግዳው ጥላ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ የላቫ ንብርብር ከሌላው አይለይም፣ ፎቶውም ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ ቆላው ሲሞቅ እርጥቡ አየር ቁልቁለቱን ይዞ ይወጣና ጠርዙ ላይ ጉም ሆኖ ይቆማል። ጣርማ በርን የሚያውቅ ሾፌር ሁሉ ይህን ያውቃል፤ በቀትር ደርሶ ነጭ ጉም ብቻ አይቶ የሚመለስ ቡድን ለዚያ ምድር በደል ነው።

መድኃኒቱ ቀኖቹን ማገላበጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን አንኮበር፣ አዳር ደብረ ብርሃን፣ በሁለተኛው ቀን ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቶ ጣርማ በርን ሳይቆሙ አልፎ በቀጥታ ደብረ ሲና መውረድ። 2 ሰዓት ላይ ደብረ ሲና ከታች ሆኖ ወደ ኋላ ቀና ሲባል ግድግዳው በሙሉ ብርሃን ተገልጦ ይታያል። ከዚያ በኋላ ነው እየቆሙ ወደ ላይ መውጣት፤ ጣርማ በር ጉሙ ሳይነሳ 4 ሰዓት ላይ ይደረሳል። ይህ ለውጥ አንድ ብር አይጠይቅም።

ሰዓቱን ካነሳን አንድ ነገር እንጨምር። ለውጭ እንግዳ በሚታተም መርሐ ግብር ላይ የእኛም የእነሱም ሰዓት ጎን ለጎን መጻፍ አለበት። ሾፌሩ "12 ሰዓት" ሲባል ንጋት ነው የሚገባው፣ እንግዳው ደግሞ ቀትር። ለሆቴሉም እንዲሁ፦ ጥር 10 እና የእነሱ የመጀመሪያ ወር 10ኛ ቀን አንድ አይደሉም፣ በመካከላቸው ስምንት ቀን አለ። በውል ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ካልሰፈረ ሃያ ክፍል በተሳሳተ ሳምንት ይያዛል።

የመጀመሪያውን ቀን በዝርዝር እንየው። ከለገጣፎ እስከ ጫጫ ያለው ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ ባዛልት የሚባለው ጥቁር የላቫ አለት በስብሶ የሠራው፣ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት የሚያብጥ። መንገዱ የሚበላሸው ለምን እንደሆነ ለመሐንዲሶች ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መቆም አያስፈልግም። በደብረ ብርሃን ዙሪያ የሚታየው ቀለል ያለ ቀለም ያለው አለት ኢግኒምብራይት ነው፣ ከፈንጂ እሳተ ገሞራ የወጣ ትኩስ አመድ ተጋግሮ የሠራው። የወንዝ ዳር ተቆርጦ በሚታይበት ቦታ የተጨፈለቁ የፑሚስ፣ ማለትም አረፋ መሰል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ቁርጥራጮችን ማሳየት ይቻላል። መዶሻ ለማንሳት ጥሩው ቦታ ይህ ነው፤ ገደል የለም፣ መኪና የለም።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር ወደ 42 ኪሎ ሜትር ነው። ጠርዙ ላይ ሲደረስ መምህሩ ስለ ስምጥ ሸለቆ ከመጀመሩ በፊት ስለ ውኃ ቢናገር ይሻላል። በምዕራብ በኩል የወደቀው ዝናብ በበረሳና በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ ግብፅን አልፎ ሜድትራንያን ይደርሳል። በምሥራቅ የወደቀው አዋሽን ይቀላቀልና ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። የአንድ ቤት ጣሪያ ውኃ ለሁለት የሚለያይበት ጠርዝ ነው፤ ያለ ስላይድ የሚገባ ትምህርት።

አንኮበር የሣህለ ሥላሴ ከተማ፣ በኋላም የምኒልክ መቀመጫ እንደነበረች ማንም አስጎብኚ ይናገራል። ብዙዎቹ የማይናገሩት ከዚያ ኮረብታ ቁልቁል የሚታየው ምድር በቅርቡ ያደረገውን ነው። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ምድር በተደጋጋሚ ተንቀጥቅጧል፤ የካቲት 7 ቀን የደረሰው በመጠን 6.0 ነበር፣ አዲስ አበባም ተሰምቷል። ምክንያቱ ቅልጥ አለት ከምድር በታች በስንጥቅ ውስጥ መግባቱ ነው፤ ሳተላይት የለካው የመሬት መከፈትና መዝቀጥ ያንን ያሳያል። ለዚህ ማብራሪያ ከአንኮበር የተሻለ መድረክ የለም። አንድ ትልቅ የታተመ የሳተላይት ምስል፣ ቢያንስ አንድ ሜትር በሰባ ሴንቲ ሜትር፣ በፕላስቲክ ተለብጦ መምጣት አለበት። በስልክ ስክሪን ሃያ ሰው አያይም፣ ወረቀቱንም የጠርዙ ነፋስ ይወስደዋል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ያለውን ቁልቁለት ግን በትልቅ አውቶቡስ መሞከር አይገባም።

ሙሽ ሸለቆ በጥቅሉ ውስጥ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ቡድኑ ትንሽ ከሆነ ቢገባ ይሻላል። እዚያ ያለው የሐይቅና የረግረግ ደለል 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ ከድንጋይ ከሰል ጋር እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጥ ስስ ንብርብር፣ በላዩም የዕፅዋት ቅጠል ቅሪት። የአፍሪካ ጥንታዊ ደን ከእስያ እንስሳት ፍልሰት ጋር በሚገናኝበት ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ከሚናገሩ ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ከ12 ሰው በላይ መውሰድ ግን ቦታውን መርገጥ ነው። ቅሪተ አካል በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 የተጠበቀ ነው፤ አንድ ቅጠል ያለበት ስባሪ እንኳ ኪስ አይገባም። ይህን መሪው ከመኪና ሳይወርዱ ይናገር፤ ከወረዱ በኋላ የሚነገር ክልከላ ዘግይቷል።

ደብረ ብርሃን ላይ ስለማደር። ከተማው ከባሕር ወለል ወደ 2,840 ሜትር ከፍ ያለ ነው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሆቴል ሲመረጥ ሙቅ ውኃውን ማታ አንድ ክፍል ውስጥ ከፍቶ ማየት ምንም አይነግርም። ማለዳ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አሥር ክፍል አንድ ላይ አስከፍቶ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ መያዝ ነው፤ ሃያ እንግዳ የሚታጠበው በአንድ ሰዓት ነውና። ለእያንዳንዱ አልጋ ሁለተኛ ብርድ ልብስ በውሉ ይጻፍ፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ይህ ሊከብድ አይገባም። ጄኔሬተሩ ወጥ ቤቱን ብቻ ነው ወይስ ክፍሎቹንም ነው የሚይዘው የሚለውም ጥያቄ ነው፤ ማታ የሁሉም ሰው ካሜራና ላፕቶፕ ባትሪ ይሞላል።

ከፍታው ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ሰው ቦሌ በወረደ ማግሥት ጣርማ በር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ቢወሰድ ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ገደል አፋፍ ላይ ይንገዳገዳል። ስለዚህ የሰሜን ሸዋው ጉዞ ከጉባኤው በኋላ ይሁን እንጂ በፊት አይሁን። አራትና አምስት ቀን አዲስ አበባ ከፍታውን የለመደ ሰው ደብረ ብርሃን አይከብደውም። ብዙ ፕሮግራሞች አጭሩን ጉዞ ከጉባኤው በፊት፣ ረጅሙን ከጉባኤው በኋላ ያደርጋሉ፤ እዚህ ላይ ያ ልማድ አይሠራም።

ምግቡን እናደንቃለን፣ አንድ ነገር ብቻ እናርማለን። የመንዝ በግ ጥብስ፣ የደጋ ገብስ ቆሎ፣ ሽሮ፤ እንግዳው ይህን ነው ማስታወስ ያለበት። ለመስክ ምሳ ግን ከአዲስ አበባ በካርቶን የሚመጣው ሳንድዊች ከሰዓት በኋላ ደርቆ ይበላል። በሶ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላልና በፔርሙስ የተያዘ ሻይ ይሻላል፤ አይበላሽም፣ ቆሞ ይበላል፣ ገንዘቡም ደብረ ብርሃን ይቀራል። ውኃ በደጋው ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር፣ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ካለ ሦስት። ጊዜው ጥር ቢሆን እንመርጣለን፤ ክረምቱ አልፏል፣ የገና ጾም ተፈትቷል፣ ዐቢይ ጾም አልገባም። ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ወጥ ቤቱ ሁለት ዓይነት ምግብ ለመሥራት አይጨነቅም። ከጥምቀት ዋዜማ እስከ ቃና ዘገሊላ ያሉትን ቀናት ግን መዝለል ነው፤ ያኔ አልጋ አይገኝም፣ መንገዱም የታቦት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቀን፣ ወደ ዋናው።

ጣርማ በር በኢትዮጵያ ጂኦሎጂ የቦታ ስም ብቻ አይደለም። በአገሪቱ የጂኦሎጂ ካርታ ላይ የላይኛው የባዛልት ክፍል የሚጠራው በዚህ በር ስም ነው። ለሙያው ሰው፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ በመጽሐፍና በካርታ ሲያነበው የኖረውን ስም ቦታው ላይ ቆሞ በእጁ መንካት ከባድ ስሜት አለው። እንግዶች ይህን እንዲያውቁ መደረግ አለበት፤ አስጎብኚዎቹ ግን "ሙሶሎኒ ዋሻ" ብለው ያልፉታል። ጣልያን የቆፈረው ዋሻ ታሪክ አለው፣ መነገርም ይገባዋል፤ ዋሻው የተቆፈረበት አለት ግን ከዋሻው ይበልጣል።

ከደብረ ሲና ወደ ላይ ሲወጣ የሚነበበው እንዲህ ነው። ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኢትዮጵያን ደጋ የሠራው የላቫ ጎርፍ በአጭር ጊዜ፣ በጂኦሎጂ አነጋገር በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ፣ አብዛኛውን መጠኑን ፈሰሰ። ከዚያ የአመድና የራዮላይት፣ ቀለል ያለ ቀለም ያለው የእሳተ ገሞራ አለት፣ ዘመን መጣ። ከሁሉም በላይ፣ በብዙ ሚሊዮን ዓመት ዘግይቶ፣ ከጣርማ በር እስከ መገዘዝ ተራራ የተዘረጋው የጋሻ ቅርጽ ያላቸው እሳተ ገሞራዎች ባዛልት ተደረበ። ንብርብሮቹን ቆርጠው የሚወጡት ቀጥ ያሉ የአለት ግድግዳዎች፣ ዳይክ የሚባሉት፣ ምድሪቱ ስትለጠጥ ቅልጥ አለት የገባባቸው ስንጥቆች ናቸው። በአንኮበር ስለ ፈንታሌ የተነገረው እዚህ በድንጋይ ይታያል፤ ትናንት ሳተላይት የለካው ነገር ዛሬ በእጅ ይነካል። ጉዞው አንኮበርን በማስቀደሙ የሚያተርፈው ይህንንም ነው። በተለመደው ቅደም ተከተል ግንኙነቱ ይጠፋል።

አቋቋሙ ግን አደገኛ ነው። የደሴ መንገድ ስለሆነ ከባድ መኪና ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ ትከሻው ጠባብ ነው። ትልቁን አውቶቡስ ትቶ ኮስተር መያዝ፣ በአንዱ ከ20 ሰው በላይ አለመጫን፤ ቦርሳና መዶሻ ቦታ ይፈልጋሉ። ኩርባ ላይ ፈጽሞ አይቆምም። በሁለቱም አቅጣጫ መቶ ሜትር ያህል ርቀው አንጸባራቂ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ባንዲራ ይዘው ይቆማሉ፤ እንግዶችም በሙሉ በተራራው በኩል እንጂ በገደሉ በኩል አይሰለፉም። አንድ ማቆሚያ ከ20 ደቂቃ አይበልጥ። ቁልቁል ሲወረድ ሾፌሩ በፍሬን ሳይሆን በትንሽ ማርሽ መውረድ አለበት፤ ደብረ ሲና ደርሶ ፍሬን የሚሸት መኪና ከነገ ጀምሮ መቀየር ያለበት ሾፌር አለው ማለት ነው። ሁለት ትርፍ ጎማ እንጂ አንድ አይበቃም።

ደብረ ሲና አጠገብ ያለውን የመሬት መንሸራተት ብዙ ቡድን በመስኮት አይቶ ያልፋል። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ይዛባ ወይንና ሾተል አምባ አካባቢ ሰፊ መሬት ተንሸራቶ ብዙ ሰው ቤቱንና ማሳውን አጥቷል። የተሰነጣጠቀ ባዛልት ውኃ ያሳልፋል፣ ከሥሩ ያለው የበሰበሰ አመድና ሸክላ ውኃውን ይይዛል፣ ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከባድ ክረምት ሲመጣ ላይኛው በታችኛው ላይ ይንሸራተታል። ለምህንድስና ጂኦሎጂ ሰዎች ይህ ማቆሚያ ብቻውን ለጉዞው ይበቃል፤ አርባ ደቂቃ ይሰጠው። ቦታው ግን የሰው ማሳ ነው። ቀድሞ ለቀበሌው ማሳወቅ፣ ሲደረስ ያገኙትን አባወራ "እንደምን አደሩ" ብሎ፣ ስለምን እንደመጡ ነግሮ መግባት፣ በእህል መካከል አለመርገጥ። ከነዋሪው አንድ ሰው እንዲናገር ቢጋበዝና ለጊዜው ቢከፈለው፣ መሬቱ መጀመሪያ የት እንደተሰነጠቀ፣ ምንጩ መቼ ቦታ እንደቀየረ ከማንም ባለሙያ የተሻለ ይናገራል። ለልጆች በመስኮት ሳንቲም መወርወር ግን በጽሑፍ መከልከል አለበት።

ከደብረ ሲና ሸዋ ሮቢት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል፣ በደጋውና በአፋር መካከል የተቀረቀረው የጠርዝ ሸለቆም ከውስጡ ይታያል። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈራረሰው የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው በዚሁ የጠርዝ ሸለቆዎች መስመር ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ማካተት ግን ጥድፊያ ነው፤ የሦስት ቀን ጥቅል ሆኖ ለብቻው ይሸጥ።

ኦፓል ስለሚባለው የከበረ ድንጋይ አጭር ምክር። በሰሜን ሸዋ የሚወጣው የመዘዞ ኦፓል ከወሎው የደላንታ ኦፓል የሚለይ፣ በራዮላይት ውስጥ በድቡልቡል ድንጋይ ውስጥ የሚገኝ፣ ብዙ ጊዜ ቡናማ ነው። ሲደርቅ የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። በውኃ ውስጥ ተቀምጦ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ መግዛት አይመከርም፤ ለሳምንታት ደርቆ የቆየ ይሁን፣ ከባለ ፈቃድ ነጋዴ፣ ከደረሰኝ ጋር። ያለ ደረሰኝ ቦሌ ላይ ይያዛል። ለምርምር የሚወሰድ የአለት ናሙናም የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አዘጋጁ ለሁሉም በአንድ ደብዳቤ ቀድሞ ካልጨረሰው አርባ ሰው በመጨረሻው ቀን ለየብቻው ይሯሯጣል። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ መግባትም እንደማይቻል በምዝገባው ቅጽ ላይ ይጻፍ።

ነጥብ በጣም ካስቀነሱት አንዱ ካርታው ነው። በእጅ ያሉት የ1፡50,000 የመሬት አቀማመጥ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ፣ ማለትም የቦታ መለኪያ ሥርዓት፣ ነው፤ የስልክና የጂፒኤስ መሣሪያ የሚሠራው ግን በደብልዩ ጂ ኤስ 84። ሁለቱ ሳይለወጡ ከተደባለቁ ቦታው ወደ 200 ሜትር ያህል ይዛባል። ሜዳ ላይ 200 ሜትር ምንም አይደለም፣ ጣርማ በር ላይ ግን ከመንገድ ወደ ገደል ነው። በመምሪያ መጽሐፉ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ በየትኛው መነሻ እንደተጻፈ ይገለጽ፣ የካርታ ዞኑም (ዩ ቲ ኤም) 37 ሰሜን ተብሎ ይጠቀስ፣ ከዚያም አንድ ሰው በእግሩ ሄዶ ያረጋግጠው።

መምሪያ መጽሐፉ አንድ ይሁን። አንዱ ተቋም የራሱን፣ ሌላው የራሱን ሲያሳትም አንዱ አለት በሁለት ስምና በሁለት ዕድሜ ይቀርባል፣ ገምጋሚውም አገሪቱ ያልተስማማች ይመስለዋል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለቦታው ቅርብ ስለሆነ የማቆሚያዎቹን ምርመራ፣ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩቱ ካርታውን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሬት መንቀጥቀጡን ማብራሪያ ቢይዙ፣ የሙያ ማኅበሩ ደግሞ ፊርማውን ቢያደርግ ሥራው ይከፈላል። ከውጭ ለሚመጣ ጥያቄ የሚመልሰው ግን አንድ ሰው፣ አንድ አድራሻ።

ደብዳቤ። ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ፤ ማኅተም ያለበት፣ የታተመ፣ በየመኪናው አንዳንድ ቅጂ። ኬላ ላይ የቆመ ጠባቂ ኢሜይል አያነብም። የመኪና ታርጋና የተሳፋሪ ስም ዝርዝር አብሮ ይያያዝ፤ ታርጋ በመጨረሻ ሰዓት ከተቀየረ ደብዳቤውም ይቀየር። ብዙ ቡድን የሚቆመው በዚህ ነው።

መጸዳጃ ቤት ከአምስት አንድ ነጥብ ነው የምንሰጠው። ከደብረ ብርሃን እስከ ደብረ ሲና በቂ የለም፣ ሴቶች እንግዶች ሙሉ ቀን ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ፤ በዚያ ከፍታ ይህ ሕመም ነው። ሁለት ተንቀሳቃሽ ድንኳን ከመጸዳጃ ወንበርና ከሚታሰር ከረጢት ጋር፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃ፣ በአንድ ፒክ አፕ ላይ ይጫናል። በውድድር ሰነድ ላይ አንድ መስመር ነው፣ ለእንግዳው ግን ሙሉ ቀን ነው።

ዋጋን በተመለከተ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር የተሰጠ የዋጋ ማቅረቢያ ለዓመታት አይቆምም። ውሉ ነዳጅን፣ አልጋንና የቀን አበልን ለየብቻ ይዘርዝር፣ የሚከለስበትም ቀን ይጻፍ።

ጸጥታውን መሸፋፈን አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ይህንንም መስመር ነክቶታል፤ ማንም አዘጋጅ "ችግር የለም" ብሎ በሰነድ መጻፍ የለበትም። በስምንት ዓመት ርቀት ለሚታቀድ ጉባኤ ግን መስመሩን ማዘጋጀት የዛሬ ሥራ ነው፣ አማራጩም አብሮ ይቀመጥ። ደልሂ ለ2020 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀችው ኮንግረስ በወረርሽኝ ተላልፎ በ2022 በኢንተርኔት ብቻ ሲካሄድ የመስክ ጉዞ የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ የጣርማ በርን ግድግዳ ከደብረ ሲና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በከፍተኛ ጥራት ፎቶ አንስቶ፣ ንብርብሮቹን ምልክት አድርጎ፣ ናሙናዎቹን በሣጥን ቁጥር ሰጥቶ አዲስ አበባ ማስቀመጥ። መንገዱ ቢዘጋ እንጦጦ ላይ የግማሽ ቀን ጉዞ ይደረግና ሣጥኑ አዳራሽ ውስጥ ይከፈታል።

የሚቀጥለው ሥራ የሙከራ ጉዞ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ጥር፣ ከየተቋሙ ሦስት ሦስት ሰው፣ አንድ ኮስተር፣ አንድ ፒክ አፕ። አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ እያንዳንዱን ነጥብ በጂፒኤስ ይወስዳል፣ አንዱ የጉሙን መነሻ ሰዓት በየቀኑ ይመዘግባል። ከጉባኤው በፊት በተከታታይ ሦስት ጥር የተያዘ የጉም መዝገብ ያለው ቡድን፣ ኮስተሩ ከደብረ ብርሃን በስንት ሰዓት መነሳት እንዳለበት ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም።